ቆዳው አንድ፣ ክብሩ ሁለት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አስፋልት የአምበርን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። በገበያው ካራ የያዘ ሰው ሞልቷል፤ አፎት ያለው ግን ብርቅ ነው። አንዱ በካርቶን ጠቅልሎታል፣ ሌላው በማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ፣ ሦስተኛው በከመነዳሪ ጠፍሮታል። ሦስቱም አፎት እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል። የጎደለው የሚሰፋላቸው ሰው ነው።

*

አፎት ላየው ሰው ቀላል ነው፤ ቆዳ አጥፎ መስፋት። ለሚሠራው ግን ስለቱ ዋና ጠላቱ ነው። ሁለቱን ጠርዞች አጋጥሞ ብቻ ቢሰፋቸው ካራው ሲገባና ሲወጣ ክሩን ይበላዋል። ስለዚህ ወይ ስፌቱን ከስለቱ ያርቀዋል፣ ወይ በጠርዞቹ መካከል ሌላ ቀጭን ቆዳ ያስገባል፤ ያን ጊዜ ስለቱ ቢበላም የሚበላው ያንን ነው። በወስፌ እየበሳ በጅማት ወይም ሰም በጠጣ ክር ይሰፋል። ከዚያ ቆዳውን ያረጥባል፣ ካራውን ቅባት ቀብቶ ይከትበታል፣ እንዲደርቅም ይተወዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይሰበሰብና የካራውን ቅርጽ ይይዛል። ፈተናው አንድ ነው፤ አፎቱ ሲዘቀዘቅ ካራው መውደቅ የለበትም።

*

አፎት ሰውን ከካራ ይጠብቃል፤ ካራን ከዝገት አይጠብቅም። በተክል የለፋ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ከልፊቱ የተረፈ አሲድም አለበት። ክረምቱን ሙሉ አፎቱ ውስጥ የተኛ ካራ ለእንቁጣጣሽ በግ ሲመዘዝ ዝገት አውጥቶ ይገኛል። አፎት የመንገድ ነው፤ ቤት ሲደርሱ ካራው ወጥቶ፣ ተወልውሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

*

አፎት ላይ ጌጥ ማየት ቀርቷል። ምክንያቱ ድህነት ነው የሚሉ አሉ፣ የዘመን ለውጥ ነው የሚሉም አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ኬሚስትሪ ነው። በግራር ቅርፊትና በመሳሰሉት የለፋ ቆዳ ርሶ ሳለ እንደ ሊጥ ነው፤ የጋለ ብረት ሲጫኑት መስመሩ ይቀርበታል። ሞጆ ዙሪያ ያሉት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚያለፉት በክሮም ነው። የክሮም ቆዳ ይለሰልሳል፣ ውኃ ይችላል፣ ለጫማና ለጃኬት የተመቸ ነው። ብረቱ ሲነሣለት ግን ወደነበረበት ይመለሳል፤ ጌጥ አይዝም።

*

ያንን ጌጥ በሙሉ ማዕረጉ ለማየት ገዳም መሄድ ነው። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉት የምሥራቅ ጎጃም ደብሮች የብራናው መጽሐፍ የእንጨት ገበታ በቆዳ ይለበሳል፤ ቆዳው ላይ ድጉሱ ይወርዳል። ዳር ዳሩን ድርብርብ መስመር፣ በመስመሮቹ መካከል ጥቃቅን ማኅተም፣ መሐሉ ላይ መስቀል። ወርቅ የለውም፣ ቀለም አይጨመርበትም፤ ብረት፣ እሳትና ልኩን የሚያውቅ እጅ ብቻ። መጽሐፉ ደግሞ ማኅደር ይሰፋለታል፤ በልኩ የተቆረጠ፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው ቆዳ። በአሠራሩ ከአፎት የሚለየው የለም።

*

የሚለየው ክብሩ ነው። ለዳዊት ማኅደር የሰፋ እጅ ይሳማል፤ ለካራ አፎት የሰፋ እጅ «ፋቂ» ተብሎ ይሸሻል። ሁለቱም የፍየል ቆዳ ነክረዋል፣ ጠጉሩን ፍቀዋል፣ ክርፋቱን ችለዋል። ሠሪውን ያከበረውም ያዋረደውም ሌላ ሰው በሥራው ውስጥ የሚከተው ዕቃ ሆነ።

*

ይህን ሚዛን መሳቂያ የሚያደርገው ክታብ ነው። ባለክታቡ «ቡዳ ነው» ብሎ ከቆዳ ሠሪው ጋር ማዕድ አይቀርብም። ከቡዳ የሚያድነውን ጽሑፍ ግን በቆዳ አሰፍቶ አንገቱ ላይ ያስራል። ቆዳውን ማን እንዳለፋው አይጠይቅም።

*

በድሮ ሥዕልና ፎቶግራፍ ላይ የመኳንንቱን ጎራዴ ላስተዋለ፣ ሰገባው የተንጠለጠለው በቀኝ ጎን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች በዚህ ተገርመው ጽፈዋል፤ በአገራቸው ሰይፍ የሚታጠቀው በግራ ነበርና። የኛ ሰው ግራ እጁ ጋሻ ይዟል፤ ጋሻና ሰገባ እንዳይጋጩ ቀኙን መረጠ። ሰገባ ሰፊው ማንጠልጠያውን የት እንደሚያደርግ ለመወሰን የውጊያውን ሥርዓት ማወቅ ነበረበት። ስሙ ግን ከጦር ባለሙያዎች ጋር ተጽፎ አናይም።

*

ጠመንጃ ሲመጣ ቆዳ ሠሪው ሥራ አልፈታም፤ ዝናር ሰፋ። ጥይት በተለወጠ ቁጥር የኪሱ ልክ ይለወጣል፤ የውጅግራው ኪስ ለምንሽር አይሆንም። ጎጃሜ በዝናሩ ሲኮራ ኖሯል፣ ዘፈኑም ለባለዝናሩ ነው። ለሰፊው የተዘፈነ አልሰማሁም።

*

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሌላውም ባለሞያ ተቆጠረ፤ ስድቡ ከቀጠለ ማረሻ የሚሠራ እንኳ አይገኝም ብለው አስጠነቀቁ። በጃፓንም ቆዳ ሠሪዎች የሚበዙባቸው፣ ዛሬ ቡራኩሚን የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ተለይተው ይናቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 የሜይጂ መንግሥት በሕግ እኩል አደረጋቸው፤ በጋብቻና በቅጥር የሚደርስባቸው መገለል ግን ከአዋጁ በኋላም ዘለቀ። የሁለቱ አገር መንግሥታት አልተማከሩም። ሁለቱም ግን ንቀቱ በአዋጅ ብቻ እንደማይነቀል አይተዋል።

*

ከዓባይ ማዶ ያለው የሰላሌ በግ ቆዳ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስም አለው፤ ቀጭን ነው፣ ግን ጠንካራ። የእንግሊዙ ፒታርድስ ኩባንያ ከኢትዮጵያ በግ ቆዳ የጎልፍ ጓንት የሚሠራበትን ሌጦ ለዓመታት ያለፋ ነበር። በጋችን ባሕር ተሻግሮ የከበርቴ እጅ ሲያለብስ፣ እዚሁ ቆዳውን የነካ እጅ ይናቃል።

*

ከበዓል ማግስት ገዢ ያጣ ሌጦ አጥር ሥር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ማየት ተለምዷል። ገዢ ቢመጣም ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። አንዱ ምክንያት እከክ ነው፤ በውጭ ተባይ የሚመጣውና ከለፋ በኋላ ጎልቶ የሚወጣው ነጠብጣብ። ሌላው ምክንያት የገፋፊው ችኮላ ነው፤ ካራው እየሳተ ቆዳውን ይበሳዋል። አፎት ሊሆን የሚችለውን ቆዳ አስቀድሞ የሚያበላሸው አፎት ያጣው ካራ ነው።

*

ቆዳ ሥራ አዲስ አበባ ገብቶ ሱቅ ሲከፍት ስሙ ይለወጣል፤ ሠሪው «ዲዛይነር» ይሆናል፣ ቦርሳው በመብራት ይደምቃል። ደግ ነው፤ ሞያው ክብር ያገኘበት መንገድ በመሆኑ አልነቅፈውም። የሚገርመኝ ክብሩ መስታወትና መብራት እስኪመጣ መጠበቁ ነው።

*

አፎት እንደ ጫማ በቁጥር አይገዛም። የአገራችን ካራ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ ስለሚወጣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ካራው ራሱ ሠሪው እጅ መግባት አለበት፤ ይለካል፣ ይሞከራል፣ ቆዳው እስኪደርቅም አብሮ ይቆያል። ደንበኛው ግን ፋቂ ደጅ መታየት ስለሚያፍር ካራውን በልጅ ይልካል፤ ልጁ ልኩን ማስረዳት አይችልም፣ አፎቱም ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከዚያ «ሞያው ጠፋ» ይባላል። የምኒልክ አዋጅ በአምበር ተፈጸመ የምለው፣ ባለካራው በራሱ እግር ሄዶ፣ ከሠሪው ቤት ቡና ጠጥቶ፣ በዋጋ ተከራክሮ፣ ቀብድ ከፍሎ ሲወጣ ነው።