«ዕጢው አልቀነሰም» ማለት ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው?



ጉለሌ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ልጅ አባቷን ይዛ መጣች። አባት የጉበት ካንሰር አለባቸው፤ ዕጢውን የሚመግበው የደም ሥር በሕክምና ተዘግቶላቸዋል። «ዶክተር፣ በፊት 6 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሁንም 6 ነው። ያለንን ሸጠን ያሳከምናቸው በከንቱ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሩን ነበር፤ ደነገጥኩ። ሲዲውን ለራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት ባልደረባዬ ሳሳየው ግን «መጠኑን ተዪው፤ የሚበራውን እዪ» አለኝ።

የጉበት ካንሰር በብዛት የሚመገበው በደም ቅዳ በኩል ነው። ስለዚህ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ጊዜ በክንድ የሚሰጠው ኮንትራስት በሕይወት ያለውን የዕጢ ክፍል ቀድሞ ያበራዋል። የሞተው ክፍል አይበራም፤ መጠኑ ግን ቶሎ ላይቀንስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኤምሬሲስት የተባለው መለኪያም የሚለካው የሚበራውን ክፍል ነው።

የእኚህ አባት ዕጢ አብዛኛው ሞቷል፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀርቷል። ተስፋ ቆርጠው ቤት ቢቀሩ ኖሮ ያቺ ትንሽ ታድግ ነበር።

ስለዚህ፦
1. የቀድሞውን ሲዲ አትጣሉ፤ ለማነጻጸር ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።
2. ምርመራው በኮንትራስት የሚነሳ መሆኑን ጠይቁ።
3. የኩላሊት ችግር ወይም አለርጂ ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።
4. ውጤቱን ካከማችሁ ሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ ሕክምናውን አታቋርጡ።

አባት ሲወጡ «ልጄ፣ እንግዲህ የቀረችዋን እንጨርሳታለን» አሉኝ።