የአምባዞ ሰማይ፣ ከሻርጃ ማዶ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዱባይ፣ ዴይራ። ከአክስቴ ልጅ ጋር ፍርፍር በልተን ከዩኒየን ጣቢያ የሻርጃ አውቶቡስ ያዝን። እሱ ሻርጃ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም በምንም አይለቅም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመጣሁት እሱን ልጠይቅ ነው፤ ልቤ ግን አል ማሐታ ሙዚየም ነበር።

አል ማሐታ በዐረብኛ ጣቢያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1932 ሃኖ የተባለው የኢምፔሪያል ኤርዌይስ አውሮፕላን ያረፈው እዚህ ነው። ከለንደን ወደ ህንድ የሚሄደው መንገደኛ የሚያድርበት ማረፊያ እንደ ምሽግ በግንብ ታጥሮ ተሠርቷል። ያኔ ዙሪያው በረሃ ነበር፤ አሁን ፎቅ ነው። የድሮው መንደርደሪያ ዛሬ የንጉሥ አብዱልአዚዝ መንገድ ሆኖ ታክሲ ይመላለስበታል። አስፋልቱ ላይ ቆሜ ርዝመቱን በዓይኔ ለካሁት። እውነትም አውሮፕላን ያሳርፋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ቦታ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰፈር ነበር። ከዚህ ይነሣ የነበረው 244ኛው ስኳድሮን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1943 በኦማን ባሕረ ሰላጤ ዩ-533 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አሰጠመ። ከባሕረኞቹ የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ 28 ሰዓት ዋኝቶ የብስ ደረሰ። ያን ሰው ሳስብ አዳራሹ ውስጥ ካሉት አውሮፕላኖች ፊት ብዙ ቆምኩ። አንዱ ዲሲ-3 ነው። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚሁ ዘር፣ ከጦርነቱ በተረፈ ሲ-47 ነበር። ሆዱን በመዳፌ ልነካው ፈልጌ ገመዱ ከለከለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሮላ አካባቢ አንድ ፍሬም ሰሪ ሱቅ ገባን። ግድግዳው ላይ የታተመ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የጦርነቱ መጨረሻ ወራት፣ አንድ የአሜሪካ ሙስታንግ ከደመና ላይ ወርዶ ሜሰርሽሚት 262 የተባለውን የጀርመን ጄት ሲከተል። ብሩ ክንፍ ላይ ያረፈውን የፀሐይ ብርሃን ሠዓሊው በደንብ ይዞታል። የክንፉ ብሎን አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእጅ ሙያው የሚከበር ነው፤ የአክስቴ ልጅም እንደ ቀለም ሰው አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ አየው። እኔ ግን አብራሪውን ፈለግሁት። መነጽርና ጭንብል ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ብሎን ውስጥ የሰው ፊት የለም።

የእኛ ሠዓሊ ከፊት ነው የሚጀምረው። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ጠላትን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላል። በዓድዋ ሥዕል ሰማዩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ በነጭ ፈረሱ ከጦሩ በላይ ይታያል። ስለ ማይጨው በተሣሉት ሸራዎች ግን ያንን ቦታ አውሮፕላን ወስዶታል። አያቴ ማይጨው ዘምቷል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የዋለውን ሲያወራ ቀና ብሎ ሰማይ አያይም ነበር፤ መሬት መሬቱን እያየ ነበር የሚናገረው። ልጅ ሆኜ ምክንያቱ አልገባኝም። የመርዝ ጋዙ ከላይ እንደ ወረደ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አጅማን የገባነው ሲመሽ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ከሦስት ሰዎች ጋር ይኖራል። አንዱ የጎንደሯ የዳባት ልጅ ነው፤ ቡና አፍልቶ ጠበቀን። ዳባት ሲለኝ ለዓመታት በሆዴ የያዝኩትን ነገር አወጣሁት።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ አምስት ወር አልፎ፣ ጣሊያን ጎንደር ላይ ተከቦ ነበር። ማላቮልቲ የተባለ አብራሪ በፊያት ሲአር-42፣ በድርብ ክንፉ ተዋጊ፣ የዳባትንና የአዲ አርቃይን የእንግሊዝ ማረፊያዎች ሊደበድብ ተነሣ። ሆፕ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ በግላዲያተር፣ እሱም ድርብ ክንፍ ነው፣ አሳደደው። ፊያቱ አምባዞ ከተባለው ተራራ አጠገብ ወድቆ ነደደ። በምሥራቅ አፍሪካ በአየር ውጊያ የወደቀ የመጨረሻው የጣሊያን አውሮፕላን እንደ ሆነ ይነገራል። በማግስቱም ሆፕ ወደ ጣሊያኖቹ ምሽግ መልእክት ጣለ፤ የፊያቱ አብራሪ ጀግና ሰው እንደ ነበር የሚመሰክር። ኅዳር 18 የጎንደሩ የጣሊያን አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ።

«አምባዞን እኮ በመኪና እናልፈዋለን» አለ የዳባቱ ልጅ። «ብርዱ ነው እንጂ ሌላ ነገር እዚያ አልሰማሁም።»

እኔም በአንድም ሸራ ላይ አላየሁትም። ቆጨኝ። ከማስታወሻዬ ወረቀት ቀድጄ በእርሳስ ጀመርኩ፤ ከታች የወገራን ደጋ፣ የገብስ ማሳና ጎጆ፣ ከላይ ሁለቱን ድርብ ክንፎች። የሲአር-42 አብራሪ መቀመጫ ክፍት ስለሆነ ፊቱን መሣል ይቻላል። ግላዲያተር መስታወት አለው፤ እሱንም ሣልኩት፤ ሆፕን በሁለት ዓይን። ማላቮልቲ ጋ ስደርስ እርሳሴ ቆመ።

«ፋሺስት አይደለም እንዴ ጋሼ? በአንድ ዓይን ነው እንጂ» አለ የአክስቴ ልጅ።

ትክክል ነው። የአያቴን መሬት መሬት ማየት አልረሳሁም። ያንን ሰማይ በእኛ ላይ የከፈቱት የዚሁ ሰው አለቆች ናቸው፤ እሱም ለእነሱ ነው የበረረው። ግን የገደለው ሰው ራሱ በማግስቱ ተመልሶ አክብሮታል። ከሆፕ የበለጠ በእሱ ላይ ሊፈርድ የሚችል ማነው? ያንን መልእክት እያወቅሁ በጎን ብሥለው ሥዕሉ ውሸት ይሆንብኛል። በሁለት ዓይን ብሥለው ደግሞ አያቴን ምን እለዋለሁ?

ሁለተኛው ቡና ወረደ። የዳባቱ ልጅ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አምባዞ ከየት በኩል እንደሚታይ አሳየኝ፤ ተራራውን ወደ ግራ አድርጌው ኖሯል። ላጲስ አልነበረንም። በጀርባው በኩል፣ ከተራራው ጀምሬ እንደገና ሣልኩት።