ኮቱ

ባለቤቴ ሁለት ኮት ነበረው። አንዱ ለሠርግና ለለቅሶ የሚወጣ ጥቁር፣ ሌላው ከበሩ ጀርባ ከምስማር ላይ የማይወርድ፣ ክርኑ የሳሳ ግራጫ። የልጄ አፍ መፍታት ሲነሳ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ግራጫው ነው።

ልጃችን ዓመት ከስምንት ወሩ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ሁለት እጁን ወደ እኔ ይዘረጋና «ኮቱ!» ይላል። እኔ ደስ ይለኛል። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ በሩ ዞሬ «አዎ የኔ ጌታ! ኮቱ! የአባባ ኮት!» እያልኩ ከምስማሩ አውርጄ አቀብለዋለሁ። ያለቅሳል። ላለብሰው ስሞክር ይብስበትና ምንጣፉ ላይ ይንከባለላል። «ኧረ ምን ዓይነት አመል ነው ያመጣው?» እላለሁ ወደ ሞግዚቷ ዞሬ። እሷ ዝም። ከእኔ ጋር ስታወራ ዓይኗ ከመሬት አይነሳም ነበር።

የወለድኩት ጥቅምት 1996 ዓ.ም. ነው። ያኔ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 60 ቀን ብቻ ነበር። (በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኋለኛው 90 ሆኗል። ልጆች የወለዱ የሥራ ባልደረቦቼ ይኸም አይበቃም ሲሉ ስሰማ እኔም አብሬ አጉረመርማለሁ።) የሁለት ወር ጨቅላ ትቼ ወደ ሒሳብ ክፍሌ ተመለስኩ። ቤታችን ኮተቤ፣ ቢሮዬ ለገሃር። ጠዋት ልጁ ሳይነቃ እወጣለሁ፣ ማታ ሊተኛ ሲል እገባለሁ። በመሀል ያለው ቀን ሁሉ የሞግዚቷ ነበር።

ከሰላሌ፣ ከፍቼ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የ17 ዓመት ልጅ ናት። አማርኛዋ ገና ነበር። በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትእዛዝ ሰጠኋት፤ ትእዛዙን ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። «ልጁን በአማርኛ ብቻ ነው የምታናግሪው፤ ቋንቋ እንዳይቀላቀልበት።» «እሺ እትዬ» አለች። እኔም ነገሩን ረሳሁ።

ልጁ ታዲያ አልናገር አለ። እማ አለ፣ አባ አለ፣ እንቢ አለ፤ በዚያው ቆመ። ሌላው ሁሉ ለእኛ ጆሮ ትርጉም የሌለው ኩልትፍትፍ ነው። ከ«ኮቱ» ሌላ አንዱን ቃል ብቻ የፈታን መሰለን። ወጥ ቤት ገብቶ ወደ ላይ እያመለከተ «ቢያ! ቢያ!» ይል ነበር። ልጆች «ር»ን «ይ» እንደሚያደርጉ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመፍታት ምን ይቸግረዋል? የጎረቤት ልጅ «በሬ»ን «በዬ» ሲል ሰምተን የለ? ቢያ ማለት ቢራ ነው! ባለቤቴ እሑድ እሑድ አንድ ሁለት ይላልና ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው። እየሳቀ ለጓደኞቹ ሁሉ አወራ፤ «የኔ ልጅ አፉን በቢራ ፈታ» እያለ። እኔ አፍሬ እንግዳ ሲመጣ ጠርሙሱን መደበቅ ጀመርኩ። ልጁ ግን የጠርሙሱ ቦታ ባዶ ሆኖም «ቢያ» ማለቱን አልተወም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ የታወቀው ፈተና አለ። «ማነው ስምህ? ንገራቸው! ዓይን የታለ? ጆሮ የታለ?» ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ይደበቃል። እንግዳዋ «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ትላለች፤ «አይዞሽ»ዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛኝም። እናቴ «ወንድምሽም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው» አለችኝ። አክስቴ ምላሱን ከፍ አድርጋ ጅማቱን አየች። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረብኝ። በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ይናገሩ ነበር። እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን ማዕከል ከፍተዋል፤ በኋላም በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴ አበጅተዋል። እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ከመደበቅ እንዲወጡ ያን ያህል የደከመ ሰው አላውቅም። እኔ ግን ያኔ የምሰማቸው በፍርሃት ነበር። በተናገሩ ቁጥር ልጄን አያለሁ።

ስለዚህ ማስተማር ጀመርኩ። ማታ ማታ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በልጅነቴ ከአባባ ተስፋዬ የልጆች ጊዜ የቀዳሁትን ድምፅ አውጥቼ፣ «በል፣ ውሃ በል። ው-ሃ። ወተት በል። ወ-ተ-ት።» ብርጭቆውን ከፊቱ አርቄ እይዛለሁ፤ ካላልክ አልሰጥም ነው ነገሩ። እሱ «ቢያ» ይላል። «ቢራ አይደለም! ውሃ!» እለዋለሁ። ጥሙን ይዞ ያለቅሳል። ሞግዚቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሻሿን ጫፍ ጫፉን ስትነክስ አያታለሁ፤ ለምን እንደምትነክስ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ሁለት ዓመት ሲሞላው ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ልጁን የምታዝለው እሷ ስለሆነች አብራን ሄደች። ሐኪሙ ሸበቶ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ጆሮውን አዩ፤ የማይሰማ ልጅ ከየት አምጥቶ ይናገራል፣ እያሉ። ከጀርባው ቁልፍ አቃጨሉ፤ ዞረ። ወረቀት በቀስታ አሹ፤ ዞረ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ስንት ቃል ይላል?»

«አምስት» አልኩ። «እማ፣ አባ፣ እንቢ፣ ኮት፣ ቢራ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቢራ?»

ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሐኪሙ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ቀን ቀን ከማን ጋር ነው የሚውለው?» አሉ። በአገጬ ወደ በሩ አመለከትኩ። እሷ የልጁን ቦርሳ አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ከየት እንደመጣች ጠየቋትና ሰላሌ ስትላቸው በኦሮምኛ አናገሯት። እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ ቀና ብላ ሰው ስታይ ያየኋት ያኔ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ በፍርሃት፣

«እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ… ማሙሽ ብዙ ያወራል እኮ» አለች።

«ምን ያወራል?»

«ቢሻን ይላል። ውሃ ነው። አናን ይላል፣ ወተት። አዱሬ ይላል፣ ድመቷን። ሳሬ ይላል፣ የጎረቤት ውሻ…»

ሐኪሙ ይጽፋሉ። እሷ ትቆጥራለች። አፏ እየተፈታ ሲሄድ የልጁን አነጋገር እያስመሰለች፣ እየሳቀች ነበር። ከሠላሳ ሲያልፍ ሐኪሙ መጻፉን ተዉት። «ሁለቱን ቃል አጋጥሞ የሚለው አለ?» አሏት። «ቢሻን ኬኒ ይለኛል፣ ውሃ ስጪኝ ነው» አለች። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተነፈሱ። ሲፈልጉት የነበረው እሱን ኖሯል፤ በሁለት ዓመት ቃል ከቃል ማጋጠም።

ቢሾፍቱ እየተመላለስኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። የከተማው ስም ውስጥ ውሃ እንዳለ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ልጄ ግን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሞ ያንኑ ቃል ሲል ቢራ ሰማሁ።

«ኮቱስ?» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ትንሽ ዝም አለች። «ነይ ማለት ነው እትዬ።»

መኪና ውስጥ ባለቤቴ ስለ ቢራው እስከ ቤት ድረስ ሳቀ። እኔ በመስኮቱ ነበር የማየው። ስንት ማታ ነው እጁን ዘርግቶ ነይ ያለኝ? ስንት ማታ ነው ጀርባዬን ሰጥቼው ኮት ያቀበልኩት?

ሐኪሙ የሰጡን መድኃኒት አልነበረም። ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ ደምራችሁ ቁጠሩ፣ ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገየውም፣ እሷ በምትችለው ታውራው፣ አንቺም በምትችይው አውሪው አሉኝ። ስወጣ «በል በል አትበይው ልጄ። አንቺ በይው» ብለው ጨመሩ።

«አንቺ በይው» ያሉትን ያየሁት በቅዳሜው ነው። ሥራ የለኝም፤ ቡና ይዤ ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጫለሁ። እሷ ምስር ትለቅማለች። ልጁ ከሰፌዱ አንድ ጠጠር ያነሳል፤ እሷ ስሙን ትነግረዋለች፤ ይጥላል፤ መጣሉን ትነግረዋለች። ስትለቅም ስለ መልቀም፣ ስታጥብ ስለ ማጠብ፣ ሽንኩርት ሲያስለቅሳት ስለ እንባዋ ታወራዋለች። አንድም ጊዜ «በል» አላለችውም። «ቢያ» ሲላት «ኤዬ፣ ቢሻን» ትልና ወዲያው ትቀዳለታለች፤ ስህተቱን አትነግረውም፣ ልኩን ግን ያገኘዋል። ደግሞ ትጠብቃለች። ተናግራ ታቆምና ዓይን ዓይኑን ታያለች። ዝምታው ሲረዝም እኔ በሩ ላይ ሆኜ ልናገርለት ምላሴን ይበላኛል። እሷ ምስሯን ትለቅማለች። ከዚያ ከዚያች ትንሽ አፍ የሆነ ነገር ይወጣል።

ትእዛዜን ሻርኩ። ቀላል ነበር ብል ግን ውሸት ነው፤ ቀናሁ። ያጠባሁት እኔ፣ ያማጥኩት እኔ፣ አፉን የፈታበት ቋንቋ የእሷ። «አፍ መፍቻ» የምንለውን ቃል ያን ሰሞን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ሆዴን ጎርጎር ያደርገኝ ነበር።

አማርኛው የመጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ሲመጣም በጎርፍ መጣ። ልጁና እሷ አብረው ነበር የሚማሩት። በ1999 ዓ.ም. ፀሐይ የምትባለው ቀጭኔ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ፕሮግራም በቴሌቪዥን ስትመጣ ማን የበለጠ እንደሚጠብቃት አይለይም ነበር፤ ልጁ ወይስ ሞግዚቷ። አንድ ቀን ልጁ ከጓሮ «እማ ምጪ!» ብሎ ጠራኝ። «ነይ ነው የሚባለው» ልል አፌን ስከፍት፣ እሷ ከልብስ ገንዳው ላይ ቀና አለች።

«ልክ አይደል እንዴ እትዬ? ሂጂ ይባላል፣ ውጪ ይባላል። ምጪ ምን አለበት?»

ዕድሜ ልኬን አማርኛ ተናግሬ መልስ አጣሁ። «መጣ» ከሚለው ግሥ «ነይ» እንዴት እንደሚወጣ ማን አስረድቶኝ ያውቃል? ኮቱ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ እኛ ና አለን፣ ነይ አለን፣ ይምጡ አለን። እሷ ባለቤቴን «ጋሼ ና» ብላ ያፈረችባትን ቀን አንስታ ስትስቅ፣ እኔም ስስቅ፣ ልጁ ከጓሮ «ምጪ!» እያለ ይጮሃል። ሄድኩ።

አምስት ዓመት ሲሞላው ኩዌት ሄደች። ያን ጊዜ ከየሰፈሩ ልጃገረዶች ወደ ዐረብ አገር ይጎርፉ ነበር፤ ደሞዙ እኔ ከምከፍላት ብዙ እጥፍ ነውና ቅሪ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ልጁ ለሳምንት በር በሩን ሲያይ ሰነበተ፤ ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት ገባ፤ ከዚያ ረሳ። ልጅ እንዴት ፈጥኖ እንደሚረሳ ያየሁት ያኔ ነው። ቢሻን ውሃ ሆነ፣ አዱሬ ድመት ሆነች፣ ሳሬም ውሻ።

ወደ ዓመት ገደማ ቆይታ፣ አንድ እሑድ፣ ስልክ ደወለች። ልጅ ይዛለች፤ ሁለት ዓመቱ ነው አለችኝ፣ የእመቤቷ ልጅ። በምን ቋንቋ እንደምታናግረው ልጠይቃት ፈልጌ ሳልጠይቃት ቀረሁ። «ማሙሽን አገናኙኝ እትዬ» አለች። መነጋገሪያውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ቆሜ ስለነበር ድምፅዋ ይሰማኛል፤ እየሳቀች ነው፣ ደግሞ እያለቀሰች።

«ኮቱ!» ትለዋለች። «ማሙሽ፣ ኮቱ!»

ልጄ ግንባሩን ቋጠረ። መነጋገሪያውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ወደ በሩ ሄደ፤ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ግራጫውን ከምስማሩ አውርዶ፣ መሬት ለመሬት እየጎተተ አመጣው።

«ኮቱን አምጣ እያለችኝ ነው» አለኝ።