የጣራው ዘብ

ጉጃራት ውስጥ ባለችው ቫዶዳራ፣ ነዋሪዎቿ ዛሬም በአሮጌ ስሟ ባሮዳ በሚሏት ከተማ፣ የተከራየሁት ክፍል ጣራ ላይ ነው። ጣራው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ሆኖ ዙሪያውን በወገብ ልክ ግንብ ታጥሯል። የውሃ ታንከር፣ የልብስ ማስጫ ሽቦና የእኔ አንዲት በር፣ በቃ። ኪራዩ ለምን እንደረከሰ የገባኝ ሚያዝያ ሲገባ ነው። ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያንን ጣራ በባዶ እግር መርገጥ የጋለ ምጣድ መርገጥ ነው። እዚሁ ጉጃራት፣ አህመዳባድ ላይ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 48 ዲግሪ ተመዝግቧል። ስለዚህ 40 ዲግሪ ሲሆን ማንም አያጉረመርምም፤ «ዛሬ ደህና ነው» ይሉሃል።

አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ «ባ» ይላቸዋል። እማማ እንደማለት ነው። እሳቸውም «ዲክራ» ይሉኛል፣ ልጄ። የእኔ ሂንዲ የገበያ ሂንዲ ነው፣ የእሳቸው ደግሞ ግማሹ ጉጃራቲ፤ ቀሪውን በእጅ እንጨርሰዋለን።

አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩና ዘንቢል ሰጡኝ። ካንዴራኦ ገበያ ልንሄድ ነው። በዚያ ወቅት ገበያው በጥሬ ማንጎ ይሞላል። እኛ አገር ጥሬ ማንጎ ማለት ሻጯ ያጭበረበረችህ ማንጎ ነው፤ እዚያ ግን ሰው እየመረጠ፣ እየጨበጠ፣ ሊለሰልስ የጀመረውን እየመለሰ የሚገዛው አረንጓዴውንና ድንጋይ የመሰለውን ነው። መንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ጣውላ ላይ በተገጠመ ትልቅ ቢላ ማንጎውን ከነፍሬው ለሁለት ይሰነጥቃሉ፤ ያ ዘይት ውስጥ ለሚቀመጠው ማባያ፣ ለአቻሩ ነው። ባ እሱን አልፈው ሄዱ። የፈለጉት ራጃፑሪ የሚባለውን ነው፦ ከጭብጥ የሚተርፍ ትልቅ፣ ቃጫው ያነሰ፣ ሲፈቀፈቅ ክር ክር የሚል።

የሚሠራው ነገር ጩንዶ ይባላል። ስኳር ውስጥ ፀሐይ ያበሰለው፣ በርበሬና ከሙን የገባበት ማንጎ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ፊቴን ሳላጨማድድ አልቀረሁም። በርበሬ የአገሬ ነው ብሎ ያደገ ሰው በርበሬ ላይ ስኳር ሲባል የሚሰማውን አንባቢ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ወጥ ውስጥ ስኳር ገባ ቢባል የሠሪዋ ስም ነው የሚጠፋው። ጉጃራቶች ግን የምስር ወጣቸው ውስጥ ሳይቀር ስኳር፣ ወይም «ጎል» የሚሉትን የሸንኮራ አገዳ ጥቁር ስኳር ጣል ያደርጋሉ። (ኩራቴን ኋላ ላይ ቀነስኩ። በርበሬ ለእነሱም ለእኛም እንግዳ ነው፤ ከአሜሪካ ተነሥቶ ህንድ የገባው በፖርቱጋሎች መርከብ ነው።)

ልጣጩ ተነሣ። መፈቅፈቂያው ለእኔ ተሰጠ። አምስተኛው ማንጎ ላይ የጣቴ ቆዳ ሄደ፤ በጥሬ ማንጎ ጭማቂ የተነካ ቁስል ምን እንደሚል ልናገር አልችልም። ከዚያ ጨውና እርድ ተነሰነሰበት፣ ትንሽ ቆይቶ ስኳሩ መጣ። ለ1 ኪሎ የተፈቀፈቀ ማንጎ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ስኳር! በዝቷል መስሎኝ ባን አየኋቸው። በሁለት የማይዝግ ብረት ድስት አካፍለው ከድነው ተኙ። ጠዋት ስንከፍተው የደረቀው ክምር በራሱ ውሃ ውስጥ ይዋኝ ነበር። ጠብታ ውሃ አልጨመርንም፤ ስኳሩ ከማንጎው ውስጥ ስቦ ያወጣው ነው። የመቆየቱም ምስጢር እዚያው ነው። ፀሐይዋ ውሃውን ስታተነው ስኳሩ ይወፍራል፤ በወፈረ ስኳርና በማንጎው ኮምጣጣነት መካከል ሻጋታ የሚጠጣው ውሃ አያገኝም።

ከዚያ ድስቶቹ ወደ ጣራ ወጡ፣ እኔም ዘብ ሆንኩ። ሥራዬ ይህ ነው፦ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አፋቸውን በስስ ነጭ ጨርቅ አስሬ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ፣ በቀን አንዴ ማማሰል፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወደ ክፍሌ ማስገባት። ጨርቁ ትነቱን ያስወጣል፣ ዝንብና አቧራ ይከለክላል። ዝንጀሮ ግን አይከለክልም። ፊታቸው ጥቁር፣ ጭራቸው ከቁመታቸው የሚረዝም ግራጫ ዝንጀሮዎች ከጣራ ጣራ እየዘለሉ ሲመጡ፣ የቀትር እንቅልፌን ትቼ መጥረጊያ ይዤ እወጣለሁ። ለማስተርስ ፈተና ያነበብኩት አብዛኛው ነገር የተነበበው በአንድ ዓይን ነው።

ያ ጨርቅ እናቴን አስታወሰኝ። እሷም ድልህ ስታዘጋጅ እርጥቡን በርበሬ አፉን በሻሽ አስራ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ታውለው ነበር፤ ደመና ሲመጣ «ግባ በለው!» እያለች የምትልከው እኔን ነበር። አራት ሺህ ገደማ ኪሎ ሜትር ተሻግሬ እዚያው ሥራዬ ላይ ተመደብኩ።

ለምን በጋዝ አይሠሩትም? ጠይቄ ነበር። ይሠራል፤ የሚቸኩሉ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሱታል። ነገር ግን እሳት ስኳሩን ያቃጥለዋል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ማንጎውም ክርነቱ ይጠፋል። ፀሐይ የሠራችው ከማር የጠራ ወርቃማ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይታያል። እንግሊዞች ከህንድ ተምረው በጠርሙስ የሚሸጡት የማንጎ ቸትኒ የዚህ ዘመድ ነው፤ ቸትኒ የሚለው ቃል የመጣው «መላስ» ከሚለው ነው። ያኛው ኮምጣጤ ገብቶበት እሳት ላይ የተቀቀለ መርመላታ ብጤ ነው። ሁለቱንም ቀምሻለሁ፤ ለእኔ አይወዳደሩም።

በአራተኛው ቀን ጥፋቱን ሠራሁ። ትልቁን ድስት አማስዬ ማንኪያውን አጠብኩና፣ ሳላደርቀው ትንሹ ውስጥ ነከርኩት። ያንን ማን ጥፋት ይለዋል? ንጽሕና ነው ያደረግኩት! ከዚያ በሁለተኛው ቀን ግን ዳር ዳሩን ትንንሽ አረፋ ያዘውና ጨርቁን ስፈታ ጠላ ጠላ ሸተተኝ። ባን ጠራኋቸው። አሸተቱ፣ ማንኪያዬን አዩ፣ እኔን አዩ። አልተቆጡም፤ ይልቁን ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ትንሹን ድስት ተሸክመው ወረዱና ጋዝ ላይ ጣዱት። ማታ የሻይ ቀለም ይዞ ተመለሰ። ለጎረቤቶቹ ሁሉ «የዲክራ ጩንዶ» እያሉ አስተዋወቁት፤ ደረጃው ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ይስቅብኛል።

ትልቁ በስምንተኛው ቀን ደረሰ። ባ ከሽሮፑ ጠብታ ወስደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ሲያላቅቁት አንዲት ቀጭን ክር ተዘረጋች። አንዲት ክር ናት የሚፈለገው፤ ከዚያ ካለፈ ቀዝቅዞ ይደርቃል። ቅመሙ የገባው ያኔ ብቻ ነው፦ ተቆልቶ የተከካ ከሙን፣ ጥቂት ቅርንፉድና ቀረፋ፣ ከማቃጠሉ ማቅላቱ የሚበልጥ የካሽሚር በርበሬ። ቀድሞ ቢገባ በፀሐይ ይጠቁር ነበር።

በቴፕላ ቀመስኩት። ቴፕላ በምጣድ የሚጋገር ስስ የስንዴ ቂጣ ነው፤ አብሽ አለበት፣ ግን እንደኛ ፍሬው ሳይሆን ቅጠሉ። ለቀናት ስለማይበላሽ ጉጃራቶች ባቡር ሲሳፈሩ ከጩንዶ ጋር ጠቅልለው ይይዙታል። መጀመሪያ ስኳሩ መጣ፤ ልተወው ስል ማንጎው ጉንጬን ጨመደደው፤ ከሙኑ ሸተተ፤ በርበሬው ቆይቶ፣ ከዋጥኩ በኋላ፣ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ሁለተኛውን ቴፕላ ሳልጠየቅ አነሣሁ። ወጥ ውስጥ ስኳር ግን አሁንም አልስማማም።

ሰኔ ገብቶ አንድ ሳምንት እንዳለፈ ዝናቡ መጣ፤ ከእኛ ክረምት ጋር እኩል መሆኑ ገርሞኛል። መጀመሪያ አቧራው ሸተተ፣ ከዚያ ጣራው ላይ የወደቁት ጠብታዎች እንደ ምጣድ ጢስ አሉ። ልብሴን ከሽቦ ሳወርድ ባ ሳህን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሁለት ትኩስ ቴፕላ፣ ከጎኑ ጠቆር ያለው የእኔ ጩንዶ። ሁለታችንም በሬ ሥር ቆምን። ማንኪያውን ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ ዝናቡ አርሶት ነበር። በሳሪያቸው ጫፍ እያገላበጡ፣ ሳይቸኩሉ ወለወሉት። ከዚያ ሰጡኝ።