የኪነት ዘመን ስኬል

ጊታር የተማርኩት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው ስል የዛሬ ልጆች ግራ ይገባቸዋል። የኪነት ዘመን ነበራ! በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ ማግኘት ይከብድ ነበር። ስብሰባው ሲበተን አዳራሹ የእኛ ይሆናል። አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳው ስንጎትት ሲሚንቶው ላይ የሚያሰሙት ሲጥሲጥታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ክረምት ከሆነ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድና ድራም መቺያችን እጁን ይሰጣል። ከጎን ካለችው ሻይ ቤት የቦምቦሊኖ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ኪሳችን ባዶ ስለነበር የምንካፈለው ሽታውን ብቻ ነው።

ጊታሪስታችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ሰዓት እላፊ ከመምጣቱ በፊት ናይት ክለብ ይጫወት ነበር ይባላል፤ እሱ ግን ስለዚያ ብዙም አያወራም። ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ ይለብሳል፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከአሮጌ ጀሪካን ቆርጦ የሠራት ፒክ አትጠፋም። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ከሰፈር ልጅ የለመድኩትን ስኬል አሰማሁት፤ ስወጣ ስወርድ፣ ስወጣ ስወርድ። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "ጎበዝ፣ ጣትህ ደህና ነው። ለየትኛው ዘፈን ነው ግን?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱም አልጠበቀኝም፤ ጊታሩን ተቀብሎኝ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

የተጫወተው አምስተኛው ፍሬት ላይ የምትጀምረውን፣ ጊታር የነካ ሁሉ የሚያውቃትን ባለ አምስት ኖታ ስኬል ነው፤ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። እየዞረ እየዞረ አራተኛው ክር ሰባተኛ ፍሬት ላይ፣ ላ ላይ አረፈ። ባቲ ቅኝት ሆነ፣ ማይነሩ ባቲ። ቀጥሎ እነዚያኑ ኖታዎች፣ አንድም ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሦስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ወዳለችው ዶ እየመለሰ አሳረፋቸው። ትዝታ! እጁ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። አዳራሹን የሚጠርጉት እማማ መጥረጊያቸውን ደገፍ ብለው፣ "እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ስኬል በባዶው አስለምዶኝ አያውቅም። "መጀመሪያ በአፍህ በላት" ይላል፤ ያላንጎራጎርኩትን በጣቴ እንድነካ አይፈቅድም። አንዳንድ ምሽት አንድ ክር ብቻ ይሰጠኛል። ማሲንቆ በአንድ ክር ስንቱን ታስለቅስ የለ እያለ፣ ሙሉውን ዜማ እዚያችው ክር ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ እንድፈልግ ይተወኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በጭብጨባ ችክችካ ይመታልኝና ስኬሉን በዚያ ምት አስኬደዋለሁ። ድንገት ያቆምና፣ "ዘፋኙ የት ላይ ተነፈሰ? ጊታር ሳንባ የለውም፣ አንተ ተንፍስለት እንጂ" ይለኛል። እንዲህ ሲል ተቆጥቶ አይደለም፤ ጋሼ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

ክር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ድምፁ የደነዘዘውን ፈትተን ውኃ ውስጥ እንቀቅለዋለን፤ እድፉ ሲለቅ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል። እናቴ የሽሮ ድስቷን እያቀበለችኝ፣ "ደግሞ ዛሬ የሽቦ ወጥ ነው?" ትላለች፤ ከልክላኝ ግን አታውቅም። ክሮቹ በርበሬ በርበሬ እየሸተቱ ይወጣሉ። የተላጠ ጣት ላይ በርበሬ ምን እንደሚሠራ ለደረሰበት ልተወው።

የሮሃ ባንድ ካሴት ሲወጣ ደግሞ ጋሼ ቴፑን ታቅፎ ይመጣል፤ የሰላም ስዩምን ጊታር ሊያሰማን። አንዷን ሐረግ እስክትበቃን እናስደግማታለን፤ ባትሪው እንዳያልቅብን ካሴቱን እያወጣን በእስክሪብቶ እናጠነጥናለን። ከዚያ የቤት ሥራ አለ። ሐረጓ ከየትኛው ቅኝት እንደተነሳች አግኝተን፣ በዚያው ቅኝት የራሳችንን መልስ ይዘን መምጣት። ስኬሉን ሺህ ጊዜ የምንመላለስበት መልሷን ፍለጋ ስለሆነ መሰልቸት የሚባል ነገር አልነበረም። ያኔ ትዕግሥተኞች ነበርን ልል አልፈልግም። የምንቸኩልበት ቦታ ስላልነበረ ነው።

አሁን የልጄ ልጅ ጊታር ትለማመዳለች። ሜትሮኖሙ ስልኳ ውስጥ አለ፣ አስተማሪውም እዚያው ስልኳ ውስጥ ነው፤ ክር ሲበጠስ አዲስ ይገዛላታል። ፍጥነቷ ለጉድ ነው፤ ጋሼንም ታስከነዳዋለች፣ አላጋነንኩም። በሯን ዘግታ ያንኑ ስኬል ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች። አንድ ማታ አላስችል ብሎኝ ገባሁና፣ "ለየትኛው ዘፈን ነው?" አልኳት።

"አባባ ደግሞ! ስኬል እኮ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ያቺኑ የጋሼን ትዝታ መሃሉ ላይ ሁለት ቦታ አስቀየርኳት። ሚ ከሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ወደ አራተኛው፣ ላ ከአራተኛው ክር ሰባተኛ ፍሬት ወደ ስድስተኛው፤ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ። ማይነሩ ትዝታ መጣ። ትንሽ እንደተመላለሰችበት እናቷ ከወጥ ቤት፣ "ውይ፣ እሱን እንዳትተዪው!" ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። እራቴን ሳልጨርስ ጊታሯን ይዛ ትመጣለች። ሰሞኑን የያዛት አንቺሆዬ ነው፤ የጣት አቀማመጡን ሥዕል አግኝታለች፣ ዛሬውኑ ካልተጫወትኩት አለች። ሥዕሉን ወደ ጎን አድርጊውና መጀመሪያ በአፍሽ በያት አልኳት። አኩርፋ ገባች። ነገ ታንጎራጉር እንደሆነ እናያለን።