ጣፋጩን የሚበላው ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ ሕንድ፣ ወደ ቼናይ ከተማ እንደሚሄድ አጫወተኝና፣ «አንተ እዚያ ኖረህ የለም እንዴ! ዲፓቫሊ ሲደርስ ለአከራይና ለጎረቤት ጣፋጭ ይዞ መሄድ ደንብ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ከየት ነው የሚገዛው?» ሲል ጠየቀኝ። የአንድ ሱቅ ስም ነግሬው ልሰናበተው አፌን ስከፍት አንድ የረቡዕ ቀን ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። መልሱን በጽሑፍ ባቀርበው ለእርሱም ለሌሎቻችንም ይበጃል በማለት ይህችን አዘጋጅቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ በዓሉ ጥቂት ልበል። ሰሜኖቹ ዲዋሊ፣ ታሚሎቹ ዲፓቫሊ ይሉታል፤ ትርጉሙም የመብራቶች ረድፍ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ላይ ይውላል። በሰሜኑ ራማ ከስደት ወደ አዮድያ የተመለሰበት ቀን ተብሎ ሲታሰብ፣ በታሚሎች ዘንድ ግን ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ክፉ ያሸነፈበት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሰውነት በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ ይታጠባል፤ አዲስ ልብስ ይለበሳል፤ ርችት ይተኮሳል። ጣፋጩ ሆድ እንዳያውክ አስቀድሞ ከዝንጅብል፣ ከነጭ አዝሙድና ጥምዝ ከሚመስል ቅመም የተሠራ ሌጊያም የሚባል መድኃኒት ይቀመሳል። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ጣፋጭና ቁርሳ ቁርስ የሞላበት ሳህን ከቤት ወደ ቤት ሲመላለስ ይውላል።

እኔ የተከራየሁባት ክፍል የአንዲት አሮጊት ነበረች። «አማ» እላቸው ነበር፤ በታሚልኛ አማ ማለት እናት ነው፣ ከእኛ «እማ» ብዙም አይርቅም። እሳቸው ደግሞ «ታምቢ» ይሉኛል፤ ታናሽ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። ባለቤታቸው በንጉሡ ዘመን በአገራችን ካስተማሩት በርካታ የሕንድ መምህራን አንዱ ነበሩ። ደሴ ላይ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል፤ አማም አብረዋቸው ኖረዋል። ክፍሏን በርካሽ የሰጡኝም ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎም «ደህና አደርክ?» እና «ቡና ጠጣ» ከአፋቸው አልጠፋም ነበር።

እኔ በገባሁ በስድስተኛው ወር ባለቤታቸው ዐረፉ። የ2010 ዓ.ም. ዲፓቫሊ የደረሰው ኀዘኑ ዓመት ሳይሞላው ነው። በታሚሎች ልማድ ሰው የሞተበት ቤት እስከ ዓመቱ በዓል አያከብርም፤ ለጣፋጭ ምድጃ አይለኮስም። እኔ ይህን ሳውቅ፣ «እንግዲያው ዝም ማለት ይሻላል» ብዬ ነበር። አብሮኝ የሚማር የአገሩ ልጅ ግን፣ «እንዴት ዝም ትላለህ? እሳቸው አይሠሩም እንጂ ሌላው ሠርቶ ወይም ገዝቶ ያመጣላቸዋል። ማንም ካላመጣ ነው ቤቱ ጨለማ የሚሆነው» አለኝ። ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር ናቸው። ነገሩ ከነከነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቲ ናጋር ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ሄድኩ። ከማምባላም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ራንጋናታን ጎዳና በበዓል ዋዜማ መሬቱ አይታይም፤ ሰው ራሱ ተሸክሞ ይወስዳችኋል። ተገፍቼ አንድ ትልቅ የጣፋጭ ቤት ገባሁ። ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳርና ከንጥር ቅቤ የሚሠራው ማይሶር ፓክ እንደ ጡብ ተደርድሯል። ላዱው ተቆልሏል። የእኛን ሙሸበክ የሚመስለው ጃንጊሪ ሽሮፑን እያንጠባጠበ ተከምሯል። በቀጭን የብር ቅጠል የተሸፈነ የወተት ጣፋጭም አለ።

ነገ ረቡዕ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ስለነበር ሻጩን «ጾም ነኝ፣ ይህ ይሆናል?» አልኩት በእንግሊዝኛ። በማሸጊያው ላይ በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ እያሳየኝ፣ ሥጋ የሚባል ነገር በአጠገቡ እንዳላለፈ አረጋገጠልኝ። ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ግን በልቤ «አረንጓዴ ማለት የጾም ማለት ነው» ብዬ ተረጎምኩና የሳምንት ቀለቤን ግማሽ ከፍዬ፣ ያን በብር ቅጠል ያጌጠ ሣጥን ታቅፌ ወጣሁ።

አማ ሣጥኑን ከፍተው አዩና ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞር ብለው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ታምቢ፣ ነገ ረቡዕ አይደል? ጾም አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«የጾም ነው እኮ አማ! አረንጓዴ ነጥብ አለው» አልኳቸው።

ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «አረንጓዴዋ ሥጋና እንቁላል የለበትም ለማለት ናት። ወተትና ቅቤ ለእኛ ሥጋ አይደለም፤ ለአንተ ነው እንጂ!» አሉና ሣጥኑን ዘጉት። «አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም።»

«ግድ የለም፣ እርስዎ ይብሉ፣ እኔ ሐሙስ እበላለሁ» ብል አሻፈረኝ አሉ። ከዚያም ስለ ደሴ አወሩኝ። እሳቸውና ባለቤታቸው ሥጋ አይበሉም ነበር። በፋሲካ ጎረቤት ሁሉ ዶሮ ሲሠራ አንዲት ሴት ወይዘሮ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ በተለየ ድስት ሽሮ ሠርተው፣ ከነትኩሱ በመሶብ ይዘውላቸው ይመጡ ነበር። «ስድስት ፋሲካ፣ ስድስት ጊዜ። ብቻችንን በልተን አናውቅም» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ፣ በገንዘቤ የኮራሁበት ሣጥን ዐይኔ ሥር አነሰብኝ። ጥፋቱ የሱቁ አይደለም። እኔ ሣጥን መረጥኩ እንጂ ማን እንደሚበላው አላሰብኩም።

አማ ከኋላችን ባለው ጠባብ መንገድ በደጇ ምድጃ ዘርግታ ለበዓሉ የምትጠብስ አንዲት ሴት እንዳለች ነገሩኝ። መሽቶ ነበር፤ ሮጬ ሄድኩ። ታሚልኛዬ ከአሥራ አምስት ቃላት አይበልጥም። በታሚልኛ ንጥር ቅቤ «ኔይ»፣ ዘይት ደግሞ «ኤንኔይ» ነው። እኔ ሁለቱን አምታትቼ «ኤንኔይ ቬንዳም!» እላለሁ፤ ዘይት አልፈልግም ማለቴ ነው። ሴትዮዋ የፈላውን የዘይት ብረት ድስት አየች፣ እኔን አየች፣ «ታዲያ በምን ልጥበስልህ?» በሚል ዓይነት እጇን ዘረጋች። የተሰለፉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ አስተረጎመችልኝ።

ሴትዮዋ ነገሩን ስትረዳ አልተቆጣችም። ሙሩኩ የሚሠራው ከሩዝ ዱቄትና ኡሉንዱ ከሚባለው ጥራጥሬ ዱቄት ነው፤ ስሙም ጥምዝምዝ ማለት ነው። እንዲሰባበርና እንዲጥም ሊጡ ላይ ቅቤ ይጨመራል። እሷ ግን የተቦካውን ወደ ጎን አድርጋ፣ በሌላ ሳህን ትንሽ ዱቄት ለየችና በቅቤው ፈንታ ከድስቱ ትኩስ ዘይት ጨለፍ አድርጋ ጨመረችበት። ሰሊጥና ነጭ አዝሙድ በተነችበት፣ በመጭመቂያው እየጠመዘዘች ጠበሰችልኝ። ከዚያም ሁለት ዓይነት ጣፋጭ ጨመረችልኝ፤ አንዱ ኤሉ ኡሩንዳይ፣ ማለትም የሰሊጥ ድብልብል፣ ሌላው ካዳላይ ሚታይ የሚባለው የለውዝ ጣፋጭ። ሁለቱም የሚያያዙት ከሸንኮራ ጭማቂ ተፍልቶ በሚረጋው ቡናማ ስኳር ነው፤ ወተትም ቅቤም አልነካቸውም። በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። ሒሳቡ ከሣጥኑ ሲሶ አይሞላም።

ጥቅምት 8 ቀን ረቡዕ ጎሕ ሳይቀድ ከተማው በርችት ተናወጠ። የአማ ቤት ጸጥ ያለ ነበር፤ አዲስ ልብስም ርችትም የለም። እኔ በጾም ቀን እህል የምቀምሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ጎረቤት ያመጣላቸውን ሁሉ ሸፍነው ቁጭ አሉ። «እርስዎ ለምን ይራባሉ?» ብላቸው፣ «ደሴም እንደዚሁ እንጠብቅ ነበር» አሉኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋዜጣውን ፈትተው የመጀመሪያዋን የሰሊጥ ድብልብል በባለቤታቸው ፎቶግራፍ ፊት አኖሩ። ሁለተኛዋን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሦስተኛዋን እሳቸው በሉ። ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም። ኋላ «እንኳን አደረሰህ» አሉኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ሣጥኑን ሐሙስ አብረን ጨረስነው።

እንግዲህ ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። ሱቅማ ሞልቷል። ብዙ ዓይነት በአንድ ቦታ ማየት ከፈለግህ ቲ ናጋር ሂድ፤ ቦርሳህን ግን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። የሰሜኖቹን የወተት ጣፋጭ የሚወዱ ከሆነ ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች የሚኖሩበት ሶውካርፔት አለልህ። ሙሩኩና የመሳሰለውን ቁርሳ ቁርስ በማይላፖር፣ በካፓሊሽዋራር ቤተ መቅደስ ዙሪያ ታገኛለህ። ማይሶር ፓክ ለሚወድ እ.ኤ.አ. በ1948 በኮይምባቶር የተመሠረተው ስሪ ክሪሽና ስዊትስ በዚሁ የታወቀ ነው። የቅቤው ነገር የሚያሳስባቸው ሰዎች ደግሞ የክፍለ ግዛቱ የወተት ኅብረት ሥራ ድርጅት የሆነው አቪን ለዲፓቫሊ የሚያቀርበውን ይገዛሉ። የለውዝ ጣፋጭ ከሆነ የኮቪልፓቲ የተባለውን ጠይቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የአካባቢ መለያ የተሰጠው ነው። የወተት ጣፋጭ ቶሎ ይበላሻልና በዋዜማው ግዛ፤ ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሕንድ በልቅ የሚሸጥ ጣፋጭ እስከ መቼ እንደሚበላ ሱቁ መለጠፍ እንዳለበት ተደንግጎ ነበርና፣ የተለጠፈ ቀን ካለ አንብብ። ሙሩኩና የሰሊጡ ግን ሰንበት ይላሉ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ በፊት «ይህን የሚበላው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ስኳር ያለበት ሰው አለ? ኀዘን ላይ ያለ አለ? ጥርስ የሌለው ሽማግሌ አለ? ከዚያ በኋላ ነው ሱቁ የሚመረጠው። ደግሞም ምን እንደገባበት ቆመህ የምትጠይቀው፣ ቢያስፈልግ በሌላ ሳህን የሚያቦካልህ ሰው ካገኘህ፣ እዚያው ግዛ። እኛም ሠልጣኞችና መምህራን ትምህርት ስናዘጋጅ ሣጥኑን ብቻ ያሳመርንባቸው ቀናት ስንት እንደሆኑ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

ባልደረባዬ ሆይ፣ መልካም መንገድ! ስትመለስ ለመምህራን ክፍላችን ኤሉ ኡሩንዳይ መያዝህን አትርሳ። ረቡዕም ብትመጣ ዓርብ፣ ግድ የለም፤ እንበላዋለን።

ከአንድ የሒሳብ መምህር