ቀድማ የገባችና ያሸነፈች

ሩጫ እየተመለከትን ላደግን ሰዎች የውድድር ፍጻሜ አንድ መልክ ብቻ አለው፤ ክሩን በደረቱ የበጠሰ እርሱ አሸናፊ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የተነሣው ፎቶግራፍም የእውነት ማኅተም ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። በውቅያኖስ ላይ የሚደረገው የባለሸራ ጀልባዎች ውድድር ግን ይህን ልማዳችንን ይገለብጠዋል። በዚያ ቀድሞ መግባትና ማሸነፍ ሁለት ልዩ ልዩ ክብሮች ናቸውና፥ ከወደብ ዳር ካሜራውን ደግኖ የሚጠብቅ ሰው የሚያነሣው ሥዕል፥ ምንም ያህል የጠራና የተዋበ ቢሆን፥ ማን ቀድሞ እንደ ገባ እንጂ ማን እንዳሸነፈ ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ከአውስትራሊያ ሲድኒ ተነሥቶ በታስማኒያ ደሴት ዋና ከተማ በሆባርት የሚፈጸመው ውድድር ስለ ሆነ፥ ወዳጆቼ ዛሬ ጥቂት ታግሣችሁ ታነቡልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ውድድሩ የተጀመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፈጸመበት ዓመት፥ በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቂት የሲድኒ ጀልበኞች ለመናፈስ ብቻ ወደ ሆባርት ለመጓዝ አስበው ሳለ፥ ጆን ኢሊንግዎርዝ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ጉዞውን ውድድር እንዲያደርጉት መከራቸው፤ ፈረንጆች ልደትን ባከበሩ ማግስት፥ ዲሴምበር 26 ቀን፥ 9 ጀልባዎች ተነሡ። በመንገድ ላይ ብርቱ ማዕበል ስላገኛቸው የመኮንኑ ጀልባ የራኒ ወሬ ጠፍቶ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦባት ነበር፤ እርሷ ግን ከ6 ቀን ከ14 ሰዓት ከ22 ደቂቃ በኋላ ከሁሉ ቀድማ ሆባርት ገባች፤ የማመጣጠኛው ስሌት ሲሠራም ያሸነፈችው ራሷ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ወረርሽኙ ካስቀረው ከ2020 በቀር ውድድሩ ተቋርጦ አያውቅም፤ መንገዱም 628 የባሕር ማይል፥ ማለት 1,163 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለፎቶግራፍ አንሺ የመጨረሻው ትዕይንት የሚጀምረው ጀልባዎቹ ታስማን ደሴትን ዞረው፥ ስቶርም ቤይ የሚባለውን ሰፊ ባሕረ ሰላጤ አቋርጠው፥ በደርወንት ወንዝ አፍ ላይ በ1832 የተሠራውን የአይረን ፖትን የመብራት ግንብ ሲያልፉ ነው። ከዚያ እስከ ፍጻሜው መስመር የሚቀረው 11 የባሕር ማይል ያህል ብቻ ነው፤ መስመሩም ባተሪ ፖይንት ከሚባለው አሮጌ ሰፈር ግርጌ፥ ከካስትሬይ ኤስፕላናድ መንገድ ፊት ለፊት ስለ ተዘረጋ፥ ሕዝቡ ልጆቹን በትከሻው አድርጎ ከዳር ቆሞ ሊያየው ይችላል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ፀሐይ በቀትር የምታልፈው በሰሜን በኩል ነውና፥ ከእኛ አገር ለሄደ ዓይን የብርሃኑ ሥርዐት እንግዳ ይሆንበታል። በነግህ የምትገባ ጀልባ ብርሃኑ ከኋላዋ ስለሚመጣ ጽላሎቷ ብቻ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይ በአንሺው ጀርባ ሆና ሸራውን ከፊት ታበራዋለች፤ በሰርክ ደግሞ 1,271 ሜትር ከፍታ ያለው ኩናኒ፥ በሌላ ስሙ ዌሊንግተን ተራራ፥ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ቆሞ ጥላውን ይጥላልና፥ ሰማዩ ገና ብሩህ ሳለ ውኃው ይጨልማል። በዚያ ላይ የዛሬዎቹ ታላላቅ ጀልባዎች ሸራ ከካርቦን ክር የተሠራና ጥቁር በመሆኑ፥ ካሜራው በራሱ ፈቃድ ከተተወ ጥቁረቱን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፥ ውኃውንና ሰማዩንም አንጥቶ ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ የብርሃኑን መጠን አንሺው በእጁ ሊወስነው ይገባል።

ደርወንት ሌላም ጠባይ አለው፤ ሌሊት ሲሆን ነፋሱ ብዙ ጊዜ ይተኛል። በአውስትራሊያ ዋና ምድርና በታስማኒያ መካከል ያለውን አስፈሪውን የባስ ወሽመጥ እንደ ወፍ በርራ ያለፈች ጀልባ፥ የከተማይቱ መብራት ፊቷን እያበራው፥ ሸራዋ ተንጠልጥሎ ሰዓታት ስትቆም፥ ከኋላዋ የነበሩት ደግሞ አዲስ ነፋስ ይዘው ሲደርሱባት ማየት በዚያ ብርቅ አይደለም። በዳር የቆመውም ሰው ትዕግሥት የሚፈተነው በዚህ ሰዓት ነው፤ የሚነሣ ነገር የለምና ሰዉ እየተበተነ ይሄዳል፥ መርከበኞቹ ግን የጨዋታው ሁሉ ክፉውና ረቂቁ ክፍል ላይ ናቸው፤ ከውኃው ላይ ትንሽ መሸብሸብ ባዩ ቁጥር ሸራ ይለውጣሉ፥ መሪውን በጣታቸው ጫፍ ያህል ያዘነብላሉ።

ጀልባዎች ተቀራርበው ሲመጡ ደግሞ ሌንሱ ራሱ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ረጅም ሌንስ ሩቁን ሲያቀርብ በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ርቀት አብሮ ያጣብቀዋልና፥ በብዙ መቶ ሜትር የሚራራቁት ጎን ለጎን የሚሄዱ ይመስላሉ፤ አንሺው ከመስመሩ አቅጣጫ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ እንደ ሆነም የኋለኛይቱ ጀልባ የፊተኛይቱን የቀደመች መስላ ልትወጣ ትችላለች። እውነቱን በዓይኑ ሊያይ የሚችለው በመስመሩ ትክክል የቆመው ዳኛ ብቻ ነው። በ1982 ኮንዶር ኦቭ ቤርሙዳ አፖሎን የቀደመችው በ7 ሰከንድ ነበር፤ በ2023 ደግሞ ሎውኮኔክት የተባለችው ጀልባ ኮማንች የተባለችውን በወንዙ ውስጥ ደርሳባት፥ መሪነቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ከተዘዋወረ በኋላ፥ በ51 ሰከንድ ቀድማት ገባች። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሥዕል አይበቃም፤ የመጀመሪያይቱ አፍንጫ መስመሩን ሲነካ ከዚያም ሁለተኛይቱ ስትደርስ ተከታታይ ሥዕሎችን ማንሣት፥ ከሁሉም በላይ የካሜራውን ሰዓት አስቀድሞ በትክክል ማስተካከል ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ሰዓቱም ቢስተካከል፥ ስፍራውም ቢመረጥ፥ ሥዕሉ ፍርድ አይሆንም። በ2017 ዋይልድ ኦትስ ኢሌቨን ከሁሉ ቀድማ ስትገባ ሆባርት በሆታ ተቀበለቻት፤ የደስታዋም ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ተበተነ። ነገር ግን በሲድኒ ወደብ፥ ውድድሩ ገና እንደ ተጀመረ፥ ለኮማንች መንገድ አልለቀቀችም ተብሎ አቤቱታ ቀርቦባት ነበርና፥ ዳኞቹ ተሰብስበው ክርክሩን ሰምተው የአንድ ሰዓት ቅጣት ጨመሩባት፤ ከእርሷ 26 ደቂቃ ያህል ዘግይታ የገባችው ኮማንች የቀዳሚነቱን ክብር ወሰደች፥ የ1 ቀን ከ9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ክብረ ወሰንም ተመዘገበላት። የተነሣው ፎቶግራፍ አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ፤ ነገር ግን ፍርዱን የወሰነው ነገር የተፈጸመው ከዚያ ዳርቻ በውድድሩ መንገድ ከ600 የባሕር ማይል በላይ ርቆ፥ የሆባርት ካሜራዎች ሁሉ ባልነበሩበት ስፍራ ነው።

ከዚህም የሚጠልቅ ምሥጢር አለ። የውድድሩ ታላቅ ሽልማት የታተርሶል ዋንጫ የሚሰጠው ቀድሞ ለገባ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጀልባ በርዝመቱ፥ በክብደቱና በሸራው ስፋት ተመዝኖ የማመጣጠኛ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተጓዘበትም ሰዓት በዚያ ቁጥር ይባዛል። ለምሳሌ ቁጥሯ 1.8 የሆነ ታላቅ ጀልባ በ40 ሰዓት ብትገባ ሰዓቷ 72 ሆኖ ይቆጠራል፤ ቁጥሯ 1.0 የሆነች ትንሽ ጀልባ በ70 ሰዓት ብትደርስ፥ 30 ሰዓት ሙሉ ዘግይታ ሳለ፥ በ2 ሰዓት አሸነፈች ማለት ነው። ባለጠጋው በገንዘቡ የገዛውን ፍጥነት ሕጉ አይነጥቀውም፤ ለፍጥነቱም ክብር አለው፤ ነገር ግን ከተሰጠው መክሊት ምን ያህሉን አተረፈ ብሎ ይጠይቀዋል። በዚህም ምክንያት እውነተኛይቱ አሸናፊ ብዙ ጊዜ የምትገባው ሕዝቡ ወደ ቤቱ ከሄደ፥ አንሺዎቹም ሌንሳቸውን ከከረጢት ከከተቱ በኋላ ነው።

1998ን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት 115 ጀልባዎች ተነሥተው በባስ ወሽመጥ ላይ ከባድ ዐውሎ ነፋስ አገኛቸው፤ ሆባርት የደረሱት 44 ብቻ ነበሩ፤ 5 ጀልባዎች ሰጠሙ፥ 55 ሰዎች በሄሊኮፕተርና በመርከብ ተርፈው ወጡ፥ 6 መርከበኞች ግን ሕይወታቸውን አጡ። ቀድማ የገባችው የአሜሪካዊው ባለጠጋ የላሪ ኤሊሰን ታላቅ ጀልባ ሳዮናራ ነበረች፤ ዋንጫውን የወሰደችው ግን ርዝመቷ 11 ሜትር እንኳ የማይሞላ ኤ.ኤፍ.አር. ሚድናይት ራምብለር፥ በዚያ ማዕበል ውስጥ ወደ ኋላ ሳትመለስ የተጓዘች ታናሽ ጀልባ ናት። ያን ጊዜ በዳርቻው የፍጻሜውን መስመር ብቻ ያነሣ ሰው የነገሩን ሁሉ ጥቂቱን ብቻ አነሣ፤ ከ628 ማይል ውስጥ ለእርሱ ዓይን የተገለጠለት 11ዱ ነውና፥ ይህም ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም።

ስለዚህ እኔ የፍጻሜውን ፎቶግራፍ በመስመሩ ላይ ብቻ አልፈልገውም። ጀልባዎቹ ከመስመሩ አልፈው ኮንስቲቲዩሽን ዶክ ወደሚባለው መጠጊያ ገብተው ገመዳቸውን ሲያስሩ፥ ከዚያ የሚወርዱት ሰዎች የማይታየውን የባሕር መንገድ በገላቸው ጽፈው ይመጣሉ፤ ጨው የነጣበት ቅንድብ፥ በገመድ የተላጠ መዳፍ፥ ቀናት እንቅልፍ ያላየ ዓይን፥ ሚስቱን አቅፎ መናገር ያቃተው ሰው፥ እነዚህ ሁሉ ከሸራው ውበት ይልቅ ስለ ውድድሩ ይመሰክራሉ። ካሜራ ወደ ባሕሩ መሄድ ካልቻለ፥ ከባሕሩ የመጣውን ፊት በአክብሮትና በፈቃድ ማንሣት ይችላል።

ዘግይተው የሚገቡትንም መጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያው ውድድር የመጨረሻዋ ጀልባ ዌይፌረር ሆባርት የደረሰችው ከ11 ቀን ከ6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ነበር፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ ከራኒ ስም ጋር በታሪክ ተጽፎ ይኖራል፤ ምክንያቱም መንገዱን ፈጽማለችና፥ ሰዓቷም እንደ ቀዳሚይቱ ሰዓት እስከ ደቂቃው ተመዝግቧልና። ሕዝብ ለቀዳሚው ያጨበጭባል፥ ጋዜጣም ቀዳሚውን ያትማል፤ በዚህ ማንም ሊነቀፍ አይገባም። ፎቶግራፍ አንሺ ግን ሙያውን ከሕዝቡ ጭብጨባ ሳይሆን ከዳኛው ትጋት ቢማር ይሻለዋል፤ ዳኛው በመንፈቀ ሌሊት ለምትገባው ስም የለሽ ጀልባም መብራቷን ጠብቆ፥ ሰዓቷን አይቶ፥ ለባለጠጋው ጀልባ በጻፈበት መዝገብና በዚያው ትክክለኛነት ይጽፍላታል፤ ማን እንዳሸነፈ የሚታወቀውም ሁሉም ከተጻፈ በኋላ ብቻ ነው።